ምኑን ልልቀቅ

እኔና እህቴ እንማታለን። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሌሎች እህትማማቾች ይኮራረፋሉ፣ ይተማማሉ፣ ስልክ ይዘጋጋሉ፤ እኛ እንማታለን። በልጅነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ስልሳ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ እሷ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች፣ የመጨረሻው ድብድባችን ገና ዓመት አልሞላውም። አባታችን "የወለድኩት ሁለት ሴት ልጅ ሳይሆን አንድ ጆንያ ውስጥ የገቡ ሁለት ድመቶች ነው" ይል ነበር። ጎረቤት ሊገላግል ሲመጣ "ተዋቸው፣ ሲደክማቸው ይተኛሉ" ብሎ ይመልሰዋል።

እህቴ በግራ እጇ ላይ ያሏት ሦስት ጣቶች ናቸው። ትንሿንና የቀለበቷን ጣት እንግሊዝ አገር የጀልባ ገመድ ወሰደባት። ዙሪክና አካባቢው ያለ አበሻ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ራሷ ናት እየሳቀች የምትተርከው። "የእኔን ጣት የቆረጠው ገመድ እንዳይመስላችሁ፤ አማርኛ ነው" ትላለች። ሰው ይንከተከታል። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ እስቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ጣቷን የቆረጠው ገመዱም አይደለም፣ አማርኛውም አይደለም። እኔ ነኝ። እሷ ይህን አታውቅም ነበር። ልንገራት ወይስ ይዤው ልሙት የሚለው ነው ያን ሁሉ ወራት አንጀቴን ሲበላው የከረመው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

እኔ የምኖረው ጄኔቫ፣ ሜራን ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ፣ አውሮፕላን ሲነሳ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥበት ቤት። ሠላሳ ዓመት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ስለዚህ ክንዴን አትናቁት። ባል አላገባሁም። እህቴ ዙሪክ ገብታ ባቡር የሚጠግን ስዊዘርላንዳዊ አገባች፤ ዲቤንዶርፍ ቤት ያዙ። ከእኔ ቤት እሷ ቤት በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ተናድጄ ስነሳ ሎዛን ላይ ይበርድልኛል፤ በርን ስደርስ ደግሞ የተናገረችኝ ነገር ትዝ ይለኝና መልሶ ይሞቃል።

ባሏ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ተራራው ሰለቸኝ አለና እንግሊዝ አገር አንዲት አሮጌ ቀጭን ጀልባ ገዛ። እንግሊዞች ባቡር ሳይኖራቸው በፊት ከሰልና ሸክላ የሚያመላልሱበት፣ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ አገሩን ሁሉ ያዳርሳል። ዛሬ ጭነቱ ቀርቶ ሰው ጀልባው ላይ ቤት ሠርቶ ይኖርበታል። ባልና ሚስቱ ከፋሲካ እስከ መስቀል እዚያ መኖር ጀመሩ፤ አንድ ቦታ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ገመድ ፈትቶ ወደሚቀጥለው። እኔ በስልክ "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" እያልኩ አበሽቃት ነበር። "ግንዱስ አንቺ ነሽ፣ ሜራን ላይ የተገተርሽው" ትለኛለች።

ከዚያ ባሏ ሞተ። ልብ ነው፤ ጠዋት ጫማውን ሲያስር። ለቀስተኛው ሲበተን ሰው ሁሉ ጀልባዋን ሽጪያት አላት፣ እኔም ጭምር። "አልሸጥም። ካልመጣሽ ብቻዬን እሄዳለሁ" አለች። ብቻ መሄድ እንደሚከብድ ደግሞ ራሷ ነግራኛለች፤ ውሃው ደረጃ የሚወርድባቸው ቦታዎች ላይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ምን ላድርግ? ሻንጣዬን ይዤ ተከተልኳት።

ጀልባዋ ረጅም ናት፤ ስፋቷን ግን እጄን ዘርግቼ ግራና ቀኝ ግድግዳዋን እነካለሁ። አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃ፣ መደርደሪያ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ነው። ከአልጋዬ ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ በእህቴ ላይ መራመድ አለብኝ። የሚዋደዱ ሰዎች እንኳ እዚያ ውስጥ ይጋጫሉ፤ እኛማ! በሦስተኛው ቀን በድስት ክዳን አናቴን አለችኝ፣ በአምስተኛው ቀን ክንዷን ነከስኳት። በስልሳ አምስት ዓመቴ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ያየ መንገደኛ ሌላ ነገር ሳይጠረጥር አይቀርም።

ውጭው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደድኩት። ጀልባዋ የምትሄደው ከእግረኛ እኩል ነው፤ ውሻውን የሚያንሸራሽር ሽማግሌ ቀድሞን ያልፋል። ዳክዬዎች መስኮታችንን አንኳኩተው ዳቦ ይለምናሉ። ከድሮዎቹ የድንጋይ ድልድዮች ሥር ስናልፍ ጠርዛቸው ላይ ጣት የሚያስገባ ጥልቅ ጭረት አየሁ። "ድሮ ጀልባውን ከዳር ሆነው የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ፤ ድንጋዩን እንዲያ የበላው ገመዳቸው ነው" አለችኝ እህቴ። ጣቴን ከትቼ ለካሁት፤ እስከ አንጓዬ ገባ። ገመድ ድንጋይን እንዲህ ካደረገ ሥጋን ምን ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

አሁን ጉድጓዱን ላስረዳ፤ ነገሩ የሆነው እዚያ ነውና። እንግሊዞች የራሳቸው ስም አላቸው፣ እኔና እህቴ ግን ጉድጓድ ነው የምንለው። ቦዩ ኮረብታ ሲያጋጥመው፣ ከላይኛው ውሃ ወደ ታችኛው ለመውረድ በሁለት በሮች መሃል ጀልባ ልክክ ብሎ የሚገባበት የድንጋይ ጉድጓድ ተሠርቷል። ጉድጓዱ ሞልቶ ሳለ ጀልባው ይገባና የኋላው በር ይዘጋል። ከዚያ ከፊተኛው በር ሥር ያሉት ሁለት የውሃ መዝጊያዎች በብረት መዘወሪያ ይነሳሉ። ውሃው ሲወጣ ጀልባው ከነሰዉ እንደ ሊፍት ይወርዳል። አንዱ ሰው ከላይ ሆኖ ይዘውራል፣ ገመዱ ሲይዝም ከጉቶው ላይ ያላቅቃል። ሌላው ጀልባው ላይ ሆኖ፣ ከላይ ዳር ላይ ባለው የብረት ጉቶ የዞረውን ገመድ ቀስ እያለ ያላላል። ገመዱ ያዘ ማለት ጀልባው በገመድ ተንጠልጥሎ ውሃው ከሥሩ ይሸሸዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይገለበጣል።

እህቴ ጀልባዋ ላይ፣ እኔ መዘወሪያው ላይ ሆንን። ክንዱ ያለኝ እኔ ነኛ።

ከባሏ ጋር ሲሠሩ ሁለት የጀርመንኛ ቃል ነበራቸው፤ ለገመዱ አንድ፣ ለውሃው አንድ። ከእኔ ጋር ግን አማርኛ ሆነ። ጥድፊያ ሲመጣ ከእህቱ ጋር ጀርመንኛ የሚያወራ ማን ነው? ችግሩ በአማርኛ የማይለቀቅ ነገር የለም። ገመድም ይለቀቃል፣ ውሃም ይለቀቃል፣ ቤትም፣ ሥራም፣ እስረኛም ይለቀቃል። እሷ ከታች "ልቀቂው!" ትላለች፤ እኔ ከላይ "ምኑን?" እላለሁ፤ እሷ "ገመዱን!" ወይም "ውሃውን!" ብላ ትመልሳለች። በቀን አሥር ጊዜ "ምኑን?" እላት ነበር። "አንቺ ምኑን ሳትዪ ቀኑ አይመሽም" እያለች ትቀልድብኛለች። ይህችን "ምኑን" ያዙልኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት የባሏን ቦት ጫማ ጣልኩት። መሪው አጠገብ፣ እሱ ራሱ በመታው ሚስማር ላይ፣ ከሞተ ወዲህ ሳይነካ ተንጠልጥሎ ነበር። እርጥበት በልቶት ይሸታል። ስተኛ አፍንጫዬ ላይ፣ ስነሳ አፍንጫዬ ላይ። ሳልጠይቃት አንስቼ መንገድ ዳር ያለ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወርኩት። ስትነሳ አጣችው። ፊቴን አየች፣ ምንም ሳልላት ገባት። ሮጣ ሄዳ ገንዳው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ስታወጣው በመስኮት አየኋት። መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ጭልፋ ይዛ መጣች።

ጭልፋው ግንባሬ ላይ አረፈ። እኔ በቡጢ አፏን አልኳት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ጸጉሬን ያዘች፣ አንገቷን ያዝኩ፣ ተያይዘን ምድጃው ላይ ወደቅንና የጭስ ማውጫው ተነቅሎ ጥላሸት አለበሰን። ጉልበቷን ሆዴ ላይ ተክላ ነው ያንን የተናገረችኝ።

"የባሌ ጫማ የሸተተሽ" አለች ደሟን እየተፋች፣ "ባል ሸቶሽ ስለማያውቅ ነው። አንቺ የምታውቂው የፈረንጅ ሽማግሌ ሽንት ብቻ ነው።"

ቡጢ ይረሳል። ስንማታ እጃችን የማይደርስበት ቦታ አልነበረም፤ አፋችን ግን አንዲት ቦታ አይደርስም ነበር፤ የዚያን ቀን ደረሰ። ለምን እንዳላገባሁ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። እሷን ያስተማርኳት፣ ያሻገርኳት፣ እስክትደላደል ብዬ የራሴን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ደሜ ከእግሬ እስከ ራሴ ፈላ።

በመስኮቱ በኩል አንድ ሽማግሌ ከነውሻው ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ "እንደምን አደራችሁ፣ እመቤቶች" አለን። ጸጉር ለጸጉር እንደተያያዝን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ "እንደምን አደሩ" አልነው። ከዚያ ተላቀቅን። ፊታችንን ታጥበን ጀልባዋን ፈታንና ሳንነጋገር ሄድን።

ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ በአካባቢው ሰው የለም። እሷ ጀልባዋን አስገባች። ገመዱን ወደ ላይ ወርውራ ጉቶው ላይ አዞረችና፣ ጫፉን ጀልባዋ ላይ ባለችው ትንሽ የብረት ጉቶ ጠምጥማ በግራ እጇ ያዘች። እኔ የኋላውን በር ዘጋሁ፣ ወደ ፊተኛው ሄድኩ፣ የመጀመሪያውን መዝጊያ አነሳሁ። ውሃው እየፎከረ መውጣት ጀመረ፣ እሷም መውረድ ጀመረች።

አጋማሽ ላይ ገመዱ ላይኛው ጉቶ ላይ ተደራርቦ ያዘ። የጀልባዋ ኋላ ቆመ፣ አፍንጫዋ መውረዱን ቀጠለ። ውስጥ ሳህን ሲንሸራተት ይሰማኛል።

"ልቀቂው!" አለች ከታች። "እትዬ! ልቀቂው!"

አየሁ። ለማንም ያልተናገርኩት ይህንን ነው። አይቻለሁ። ገመዱ ከመወጠሩ የተነሳ ውሃ ይተፋል፣ እጇ ገመዱ ላይ ነው፣ ዓይኗ ጉቶው ላይ ነው። ስለ ገመዱ መሆኑ ለሕፃን እንኳ ይገባዋል። "ምኑን?" ማለት እችል ነበር። በቀን አሥር ጊዜ የምላትን ቃል ያን ጊዜ ዋጥኳት። "ልቀቂው አልሽ? እሺ፣ እለቅልሻለሁ" አልኩ በሆዴ። ሁለተኛው መዝጊያ በሩ ማዶ ነው ያለው። በበሩ አናት ላይ ባለችው ሳንቃ ተሻገርኩ፤ አራት እርምጃ ናት። ሰው ንዴት አሳወረኝ ይላል፤ እኔን አላሳወረኝም፣ አራቱንም እርምጃ አስታውሳቸዋለሁ። መዘወሪያዬን ሰካሁና ሠላሳ ዓመት ሰው ባነሳሁበት ክንድ እስከ መጨረሻው ዘወርኩት።

ምን ፈልጌ ነበር? እንድትሞት አይደለም፣ ጣቷንም አይደለም። የባሏ ሳህኖች እንዲሰባበሩ፣ ያ ቦት ጫማ ውሃ እንዲበላው፣ እሷም አንዴ በድንጋጤ እንድትጮህ ነው የፈለግኩት።

ጮኸች። ጀልባዋ ባንዴ ዝቅ ስትል ገመዱን ሳበችው፣ ገመዱ ደግሞ ጣቶቿን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያዘ። የአጥንቱን ድምፅ ውሃው እንኳ አልሸፈነውም። ጀልባዋ በጎኗ ተጋደመች፣ ሳህኑ ሁሉ ወረደ፣ እህቴ በአንድ እጇ ተንጠለጠለች። ሁለተኛውን መዝጊያ ጣልኩ፣ ተሻግሬ የመጀመሪያውንም ጣልኩ፤ የወጣ ውሃ ግን አይመለስም። ያዳናት ባሏ ነው። ለእንዲህ ያለ ቀን ብሎ ከቦት ጫማው ጎን አንዲት ቢላዋ ሰቅሎ ነበር። በቀኝ እጇ መዘዘቻትና ገመዱን ገዘገዘችው። ተበጠሰ። ጀልባዋ ዘፍ ብላ ውሃው ላይ ወደቀች።

ጭቃና ሻጋታ በለበሰው የብረት መሰላል ወረድኩ። የእጇን ነገር አልጽፈውም። እሷ ግን የምታየው እጇን ሳይሆን እኔን ነበር።

"ገመዱን እኮ ነው ያልኩሽ" አለች።

"ውሃውን መስሎኝ!" አልኩ። "ልቀቂው አልሽ፣ ውሃውን መስሎኝ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፊቷ አመድ መስሎ ሳለ ሳቅ አለች። "አማርኛ ጨረሰን በይኛ" አለችና ራሷን ሳተች። ምንም ሳትጠራጠር አመነችኝ፤ ከሁሉ የቆጠቆጠኝ እሱ ነው።

ሐኪሞቹ ሁለቱን ጣቶች ማትረፍ አልቻሉም። የጋብቻ ቀለበቷን በትንሽ መጋዝ ቆርጠው አወጡና በላስቲክ ከረጢት አድርገው ለእኔ ሰጡኝ። ጀልባዋን አሳስረን ዙሪክ ተመለስን፤ እኔም እስክትድን ብዬ ዲቤንዶርፍ ከእሷ ጋር ገባሁ። ቁልፍ እቆልፍላታለሁ፣ ጸጉሯን እሠራላታለሁ፣ ሥጋ እከትፍላታለሁ። በዚያ ሁሉ ወራት አንድ ጊዜ እንኳ አልተማታንም። እሷ ቁስሉ ነው ብላ ነው፤ እኔ ምክንያቴን አውቃለሁ።

ቀልዱ የተጀመረው ያኔ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ይከባታል። ድምፄን አስመስላ፣ ዓይኔን አስመስላ "ውሃውን መስሎኝ!" ስትል አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይይዛሉ። አንድ የሰፈራችን ሰው "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" ብሎ ተረተባት፤ እሷ አልተቀየመችም፣ በሚቀጥለው እሁድ እሱንም ታሪኩ ውስጥ ጨመረችው። እኔን "ውሃውን መስሎኝ መጣች" ይሉኝ ጀመር። አንዲት እዚያው የተወለደች የስምንት ዓመት ልጅ አጠገቤ መጥታ፣ "ታንተ፣ ቪርክሊኽ ውሃው መሰለሽ?" አለችኝ። አክስቴ፣ የእውነት? ማለቷ ነው። "አዎ" አልኳት። ልጅቷ ትንሽ አይታኝ ሄደች።

እህቴን ያቆማት ያ ቀልድ መሆኑ ገባኝ። ትራም ላይ ሰው እጇን አይቶ ፊቱን ሲያጨማድድ ቀድማ ታስቀዋለች፤ በጀርመንኛም እንኳ ታስቅበታለች። ብነግራት ቀልዷን እነጥቃታለሁ። ባልነግራት ደግሞ በተሳቀ ቁጥር አንድ ጊዜ እዋሻታለሁ።

ስዊዘርላንድ የኖረ ሰው ቫሽኩሄን ያውቃል። ምድር ቤት ያለች፣ በተራ የሚገባባት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ናት፤ ተራው ያመለጠው ሰው በቆሻሻ አንሶላ ይተኛል። በብርዱ ወራት አንድ ቀን፣ ምሳ ሊደርስ ሲል፣ እዚያ ሆነን አንሶላ እናጥፋለን። እኔ ሁለት ጫፍ፣ እሷ ሁለት ጫፍ ይዘናል። በሦስት ጣቷ ጨብጣ ስትስብ፣ እኔ ደግሞ በልማድ ሳጠብቅባት፣ "ልቀቂው!" አለችና በራሷ ቃል ሳቋ አመለጣት። ግድግዳው እስኪያስተጋባ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

"እያወቅኩ ነው" አልኳት።

"ምኑን?" አለች፣ ገና ሳቋ ሳያልቅ።

"ገመዱን። ገመዱን ማለትሽ እንደሆነ አውቄ ነበር። ውሃውን የለቀቅኩት እያወቅኩ ነው። ስለ ባል በተናገርሽኝ ነገር ተናድጄ።"

ማሽኑ ይሽከረከራል። አንሶላው መሃላችን መሬት ወደቀ። እህቴ በዚያችው በሦስት ጣት እጇ ፊቴን አለችኝ። ያመማት እሷን ነው፤ አቃሰተች። በቀኟ ደገመችኝ፤ አፍንጫዬ ፈሰሰ። የልብስ ቅርጫቱን አንስታ ጭንቅላቴ ላይ ሰበረችው። የልብስ ማስጫውን ዘንግ ነቅላ ጎኔን፣ ክንዴን፣ ጀርባዬን ቀጠቀጠችኝ። አንድ ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲንከባለል ተሰማኝ። እኔ እጄን አንድ ጊዜ አላነሳሁም። በስልሳ ዓመት ውስጥ ስትመታኝ ሳልመልስ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"መልሺ!" ትላለች እያለቀሰች። "ምቺኝ! ለምን አትመቺኝም? ምቺኝ እንጂ!"

አልመታኋትም። ብመታት እኩል እንሆናለን፤ እኩል መሆን አልፈለግኩም።

ጎረቤቷ የቀትር ዕረፍት ሰዓት ነው፣ ዝም በሉ ልትል ወርዳ በሩን ስትከፍት ደሙን አየች። ፖሊስ ጠራች። ሁለት ወጣት ፖሊሶች መጡ፤ አንደኛዋ ሴት ናት። እህቴ ማሽኑን ተደግፋ፣ እኔ የተሰበረው ቅርጫት አጠገብ መሬት ተቀምጬ አገኙን። ፖሊሷ አንሳይገ ልታመለክቺ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ፤ ክስ ማለት ነው። "ተንሸራትቼ ወድቄ ነው" አልኳት። አላመነችኝም። ዘወር ስትል የእህቴን እጅ አየች።

"እጅዎን ምን ሆነው ነው?"

ቀልዱን ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ሰዓት እንኳ ትቀልዳለች ብዬ ጠበቅኩ። እህቴ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ገልብጣ አየችው።

"ኡንፋል" አለች። አደጋ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ፖሊሶቹ ሲሄዱ አንሶላውን ከመሬት አነሳችና ደሜን እንድጠርግበት ወረወረችልኝ። "ለምን ነገርሽኝ?" አለች።

"ደብቄሽ መኖር አቃተኝ።"

"አንቺማ ቀለለሽ። እኔስ? ከእንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?"

ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ባቡር ላይ ፊቴ አብጦ ሳለ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት ሎዛን ላይ ብድግ ብላ የስልክ ቁጥር የጻፈችበት ብጣሽ ወረቀት በእጄ አስጨብጣኝ ወረደች። ባል የሚደበድባቸው ሴቶች የሚደውሉበት መሥሪያ ቤት ነው። ባል የለኝም ልላት ፈልጌ ነበር፤ በሩ ተዘጋ።

ሜራን ገብቼ ወራት ተቀመጥኩ። ስልክ አልደወለችም፣ አልደወልኩም። ዙሪክ ያሉ ሰዎች እህትሽ ተረቷን አቆመች፣ ምን ሆነች ብለው ጠየቁኝ። አሟታል አልኳቸው። ጥርሴን አስተከልኩ። ከሰው ተጣልቼ አውቃለሁ፣ ማንንም ግን እንዲያ አልተራብኩም፤ መማታቷ ናፈቀኝ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለም።

"ጀልባዋ ካሰርናት ቦታ መነሳት አለባት" አለች። "ብቻዬን አልችልም።"

"እመጣለሁ።"

"አልጨረስኩም። ዘንድሮ መዘወሪያውን የምይዘው እኔ ነኝ። አንቺ ጀልባዋ ላይ ሆነሽ ገመድ ትይዣለሽ።"

አንድ አውሮፕላን ተነስቶ ብርጭቆዎቼ ተንቀጠቀጡ። እስኪያልፍ ጠበቅኩ። "እሺ" አልኳት።

ቦት ጫማው እዚያው ሚስማሩ ላይ ነበር። ጠረኑ ተቀበለኝ፤ አፌን አልከፈትኩም። ሁለት ቀን የሄድነው ከ"ብዪ" እና ከ"እንኪ" ሌላ ቃል ሳይወጣን ነው። በሦስተኛው ቀን እዚያው ጉድጓድ ደረስን። ጀልባዋን አስገባሁ። ገመዱን እንዳሳየችኝ አድርጌ ወረወርኩ፣ ትንሿ የብረት ጉቶ ላይ ጠመጠምኩ፣ ጫፉን ያዝኩ። ቀና ስል እህቴ በሩ አናት ላይ ቆማለች፤ መዘወሪያውን በሦስት ጣቷ ይዛዋለች። ፈራኋት። እኔ ያደረግኩትን ብታደርግብኝ አይፈረድባትም ብዬ አሰብኩ።

"ልቀቂው!" አልኩ።

አልተንቀሳቀሰችም።

"ምኑን?" አለች ከላይ።

"ውሃውን!"

"አልሰማሁም። ምኑን?"

"ውሃውን!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ከድንጋዩ ግድግዳ ተመልሶ ፊቴን መታኝ። "ውሃውን ልቀቂው!"

መዘወሪያውን ሰካች። አንድ የማርሽ ጥርስ ያህል አዞረችና ቆመች፤ እጆቼን አየች። አንድ ጥርስ ደገመችና ቆመች፤ እጆቼን አየች። ገመዱን በልክ እያላላሁ ወረድኩ፣ እርጥቡ ግድግዳ በጎኔ ወደ ላይ እያደገ። ሁለተኛውን መዝጊያ አልነካችውም፤ ታች እስክደርስም ዓይኗን ከጣቶቼ ላይ አላነሳችም።